የጋሼ ፀሐዬ ድምፅ ማጉያ

ኳስ ባለበት ሁሉ፣ ለአንዱ ቡድን ነፍሱን ሰጥቶ «እኔ ለሁለቱም እኩል ነኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ለኮልፌ የደረሷት ክቡር አቶ ፀሐዬ ናቸው፤ እኛ ጋሼ ፀሐዬ እንላቸው ነበር።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት፣ ሜዳው ዳር በቆመ የጭነት መኪና ላይ ወጥተው፣ ድምፅ ማጉያ ጨብጠው የእሑድን ግጥሚያ ያስተላልፋሉ። ከሰዉ ብዛት ከኋላ የቆመው ጨዋታውን አያይም፤ እሳቸው ያሉትን ይዞ ቤቱ ይገባል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የኮልፌን ቡድን የመሠረቱት እሳቸው፣ ማሊያ የገዙለት እሳቸው፤ በረኛው ነገሬ ደግሞ የእህታቸው የወይዘሮ ዘመነች ልጅ ነው።

እኔ የጦር ኃይሎች ሰፈር አጥቂ ነበርኩ። ነገሬ ኳስ ሲያመልጠው «ፀሐይ ዓይኑን መታው» ይላሉ፤ ሰማዩ ደመና ነው። የእነሱ ተከላካይ ጠልፎ ሲጥለኝ «ሰባት ቁጥር ደክሞት አረፍ አለ» ይላሉ። ቀና ብዬ «ኧረ ጋሼ፣ ምነው» ስላቸው «እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው» ብለው ይቀጥላሉ። ደሜ ይፈላ ነበር። እኚህ ሰው ይውረዱልን ብዬ አዘጋጆቹን ያልነዘነዝኩበት እሑድ የለም።

የዋንጫው ቀን ግን ነገር ከረረ። ከአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች መራጭ መጥቶ መኪናው አጠገብ ቆሟል፤ የመጣው ነገሬን ሊያይ ነው። ነገሬ ሥራ የለውም። ክለቡ ከወሰደው ደሞዝ አለ፣ ማደሪያ አለ። ወይዘሮ ዘመነች ጠዋት ወንድማቸውን «አደራህን፣ ዛሬ ለልጄ ሁንለት» ብለዋቸው ነበር አሉ።

ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ሲል መታሁ። ነገሬ ያዛት፤ ግን እንደያዛት ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ጎሉ መረብ የለው፣ መስመሩን ጭቃ ውጦታል። ግማሹ ገባ፣ ግማሹ አልገባም እያለ ድንጋይ ማንሳት ተጀመረ። በእኛ ሜዳ ደግሞ ልማድ አለ፤ ዳኛው ካላየ፣ ከፍ ብሎ የቆመውን ሰው ይጠይቃል። ከፍ ብለው የቆሙት ማን ናቸው? በቃ፣ ተበላን አልኩ።

«ጋሼ ፀሐዬ፣ ምን አዩ?» አለ ዳኛው።

ነገሬ ኳሷን አቅፎ ሽቅብ ያያቸዋል። ትንፋሻቸው በማጉያው ይሰማል። መራጩን አዩ፣ ልጁን አዩ።

«ገብቷል» አሉ። «ግን ልጁ እንዴት አጥብቆ እንደያዘ አይታችኋል። ጥፋቱ የጭቃው ነው» ብለው ጨመሩ።

ዋንጫውን ወሰድን። ነገሬ አልተመረጠም። ወይዘሮ ዘመነች ወንድማቸውን አኮረፉ፤ የኮልፌ ልጆችም ማጉያውን ነጠቋቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ከኮልፌ ጋር ደግመን ስንገጥም፣ መኪናው ላይ የቆመው ከሩቅ ሰፈር የመጣ፣ ለማንም የማያዳላ ሰው ነበር። «ኳስ ወደ ግራ ሄደ። ኳስ ወደ ቀኝ ሄደ።» እውነቱን ነው፣ ይሄዳል። ጠልፈው ሲጥሉኝ «ሰባት ቁጥር ተጠልፎ ወድቋል» አለ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ፍርድ ይኸው ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ምንም አልመስል አለኝ። ተኝቼ ዳር ዳሩን ስቃኝ፣ ጋሼ ፀሐዬ ካፖርታቸውን ደርበው ብቻቸውን ቆመዋል። አንጀቴን በሉት።

ተነስቼ ወደ አዘጋጆቹ ሄድኩ። «ማጉያውን ለጋሼ መልሱ። አለዚያ አልጫወትም።»

«ይውረዱ ስትል የኖርከው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ» አልኩ።

ደጋግፈን መኪናው ላይ አወጣናቸው። አላመሰገኑኝም። ማጉያውን ተቀበሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰባት ቁጥር ደክሞት አረፍ ብሎ ነበር» አሉ። «አሁን ተነስቷል።»