መጠይቅና ይሉኝታ

መጠይቅ የሚሏትን ወረቀት ይዘው በየደጃፉ የሚዞሩ የዩኒቨርሲቲ ልጆች እናንተስ ቤት አልመጡም? እኔ ብዙም አልተማርኩም፤ ግን በእነሱ አልጨክንም። ፀሐይ ላይ ቆሞ "አባባ፣ ትንሽ ደቂቃ ይስጡኝ" የሚልን ልጅ ማን ቅር ያሰኛል?

ሀዊ የምትባል ተመራቂ ከአዳማ እኛ ከተማ ሁሩታ ድረስ መጥታ ስለ ቧንቧ ውሃችን ጠየቀችኝ። ውሃው የሚመጣው ሲያሻው ነው፤ ታዲያ እንግዳ ፊት ይማረራል? "በጣም ረክቻለሁ" አልኳት። ለካ ጎረቤቱም ሁሉ እንዲሁ ብሏት ኖሯል።

በሳምንቱ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ተመለሰች።

"አባባ፣ አማካሪዬ 'የሁሉም መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ነው የሞላሽው' ብሎ ወረቀቱን መለሰብኝ። እውነቱን ካልነገሩኝ እኮ አልመረቅም!"

ደነገጥኩ። በእኛ ይሉኝታ የሰው ልጅ ምርቃት ሊቀር ነው? ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኳትና ጀመርኩላት፤ የቧንቧውን ዝገት፣ የጀሪካኑን ወረፋ፣ ጀሪካን ተሸክሜ የተቀጨሁትን ወገቤን ሳይቀር ነገርኳት። ወረቀቷ አለቀ፤ ጀርባው ላይ ጻፈች፤ እሱም አለቀ።

"ኧረ በቃ አባባ! ይሄ ለማስተርሴም ይተርፋል" አለችኝ እየሳቀች።

"ቁጭ በይ ልጄ" አልኳት፤ "መብራቱ ጋ ገና መች ደረስን?"