ዶኛ ኦቲሊያ ቢደለድሉት ኖሮ

በትግል አዳራሽ ውስጥ ከፊታችን የተቀመጠ ሰው የሚያሳየን ማጅራቱን ነው። እኔ ግን ከዶኛ ኦቲሊያ መጀመሪያ ያየሁት ፊታቸውን ነው። ታጋዮቹ ከመድረኩ ገመድ በላይ እንደ ወፍ እየበረሩ፣ ሕዝቡ የቆርቆሮው ጣሪያ እስኪንቀጠቀጥ እየጮኸ፣ እሳቸው በርጩማቸውን አዙረው፣ ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው፣ እኛን ፊት ለፊት እያዩ የዱባ ፍሬ ይፈለፍላሉ።

«እማማ፣ ትግሉ እኮ በዚያ በኩል ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። አልተስማማሁበትም።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር አምናለሁ። እግዚአብሔር በሰባተኛው ቀን ያረፈው ደክሞት አይደለም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው «እኔ ብሆን ኖሮ ጨረቃን ከፀሐይ በፊት አወጣ ነበር» ሲል ሰምቶ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ ለፓቹካ ከተማ ሰዎች የደረሱን ክብርት ዶኛ ኦቲሊያ ናቸው፤ የሦስተኛው ረድፍ እመቤት፣ የድልድል ሊቀ ሊቃውንት።

ማን ባለጌ፣ ማን ጨዋ ሆኖ እንደሚታገል፣ ማን አሸንፎ ማን እንደሚወድቅ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀድሞ እንደሚወሰን በከተማችን የማያውቅ የለም። አፍ አውጥቶ የሚናገርም የለም። ውሳኔውን «ድልድል»፣ ወሳኙን ሰው «ደልዳዩ» እንለዋለን። ደልዳያችን ሴኞር ባልቡዌና ናቸው። አዳራሹ የሳቸው ነው፤ ራስ ምታቱም የሳቸው ነው። የራስ ምታቱ ስም ዶኛ ኦቲሊያ ይባላል።

እኔ የምከራየው ክፍል ከዶኛ ኦቲሊያ የፓስቴ ሱቅ በላይ ነው። ከምድጃቸው የሚወጣው የፓስቴ ሽታ፣ በሊጥ የተጠቀለለው የድንቹና የሥጋው፣ የሊጡ ጠርዝ ሲጠበስ የሚሸተው፣ ገና ሳልነቃ ግጥም ያስጀምረኛል። ሁለተኛውን ስንኝ ሳልጨርስ ግን ድምፃቸው በወለሉ ስንጥቅ ይወጣል።

«ባለጌውን ታጋይ ጨዋ አደረጉት! ሕዝቡ ሊጠላው ትኬት ቆርጦ በገባበት ቀን! የቆጡን አወርድ ብለው የብብታቸውን ጣሉ። እኔ ብደለድለው ኖሮ…»

ይህ ውሳኔ የተወሰነው እኔ ሳልወለድ ነው።

የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ ለባልቡዌና አማች የሰጡበት ዓመት ደግሞ አለ። «ሆዱ ከቀበቶው ቀድሞ ነበር መድረክ የሚደርሰው!» በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽራውን ከእግር እስከ ራሱ አይተው፣ «ልጅቷ ከጠንካሮቹ ጋር ሳትሞከር ለፍጻሜ አቀረቧት» አሉ። አንድ ሽማግሌ የትግል ዳኛ ሲሞት ለቅሶ ሄድን። ዶኛ ኦቲሊያ አስከሬኑ ፊት አማተቡና፣ «ነፍሱን ይማረው፤ ሦስት ሲቆጥር ሁልጊዜ ይቸኩል ነበር፤ ለራሱም ቸኮለ» አሉ። ስታለቅስ የነበረችው መበለቷ ሳቀች። እኔ ግን በሐፍረት ከአበባው ጀርባ ተደበቅሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሰለቸኝ ሕጋቸው ነበር። «ወጪ ጀርባውን ለገቢ ያነጥፋል» ይላሉ። የሚሰናበት ሽማግሌ ለሚተካው ወጣት ተሸንፎ መሄድ አለበት ማለት ነው። አለዚያ ስሙን ይዞ ይቀበራል፤ ለማንም ሳያወርስ።

በእኛ አዳራሽ ሊሰናበት የደረሰው ሽማግሌ ታጋይ «ሰዓት ሠሪው» ይባላል። የሰዓት መልክ የተጠለፈበት ወርቃማ ጭምብል ያጠልቃል፤ ፊቱን አዳራሽ ውስጥ ያየ የለም። ዶኛ ኦቲሊያ ከመጀመሪያው ግጥሚያው ጀምሮ አይተውታል፣ ሰድበውታል፣ በርጩማቸውን አዙረውበታል። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ዶን ካሲሚሮ የሚባሉ ደንበኛ፣ ጆሯቸው አብጦ፣ እያነከሱ፣ ፓስቴ ሊገዙ ይመጣሉ። ሰፈሩ ሁሉ ማን እንደሆኑ ያውቃል። ግን ጭምብል የለበሰን ሰው በስሙ መጥራት በእኛ ዘንድ ሰው ከመግደል ብዙም አይሻልም። ስለዚህ በየሰኞው ይህን እሰማ ነበር፦

«ዶን ካሲሚሮ፣ ያ ሰዓት ሠሪ ተብዬው ትናንትና ምን ሆኖ ነው እንደ ጆንያ የወደቀው?»

«አረጀ ይላሉ፣ ዶኛ።»

«አላረጀም። ድልድሉ ነው ያስረጀው።»

«ይሆናል፣ ዶኛ። የድንቹን ይጨምሩልኝ።»

አንድ ቀን ሴኞር ባልቡዌና ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ሱቁ ገቡ። ዶኛ ኦቲሊያ የሊጥ መዳመጫውን አነሱ።

«ይረጋጉ» አሉ ሰውዬው። «በቅዱስ ፍራንቸስኮስ በዓል እሑድ ሰዓት ሠሪው መብረቅ ከሚባለው ወጣት ጋር ጭምብል በጭምብል ይገጥማል። የተሸነፈው ጭምብሉን አውልቆ፣ ስሙንና አገሩን ለሕዝብ ተናግሮ፣ ዳግመኛ አያጠልቅም።»

«ማን ያሸንፋል?»

«እሱን እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት። ሽማግሌው ‹ግጥሚያዬን ሁሉ ያዩት የፓስቴዋ እመቤት ናቸው፤ እሳቸው ይወስኑ› አለኝ። ከዚህ ወዲያ ፍንክች አልል ብሏል።»

ዶኛ ኦቲሊያ መዳመጫውን መልሰው አስቀመጡ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር፤ እኚህ ሴት ዝም ማለት እንደሚችሉ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በማግስቱ ፓስቴው አረረ፤ በሦስተኛው ቀን ጨው አልነበረውም። መብረቅ ፈጣንና ገና ጀማሪ ነው፤ የሽማግሌውን ጭምብል ማስወለቅ እንደ በረከት ይሆንለታል። ሽማግሌው ደግሞ ጭምብሉ ከወለቀ ያ ሁሉ ዘመን የሸሸገው ፊት የማንም ፊት ይሆናል።

«ይተዉለት» አልኳቸው። «ጭምብሉን ይዞ ይሰናበት። አያሳዝንዎትም?»

«ማዘን ድልድል አይደለም፣ ልጄ።»

«ሕግዎን እርስዎ ነዎት ያወጡት፤ እርስዎ ቢሽሩት ማን ይከስዎታል?»

ሊጡን በቡጢ መቱት። «ለሰው ሁሉ ስጮህበት የኖርኩትን ለምወደው ስሽር፣ ከባልቡዌና አማች በምን ተሻልኩ?»

የምወደው አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው ለባልቡዌና ላኩበት፦ ወጪ ጀርባውን ለገቢ ያንጥፍ።

እስከ እሑድ አላናገርኳቸውም። ያ ሁሉ ዘመን የእግዜርን ሥራ ሲያርሙ ኖረው፣ ምሕረት በእጃቸው ሲገባ ሕግ ጠቀሱ! እንዲህ ያለ ድርቅና በየትኛው ተራራ ይበቅላል?

እሑድ ነፋሱ ጣሪያውን ሊነቅል ይታገላል። ሰዓት ሠሪው እንደዚያን ቀን ታግሎ አያውቅም። መጨረሻ ላይ መብረቅ ከገመዱ አናት ዘሎ ወደቀበት፤ ዳኛው ሦስት ቆጠረ፤ ሰዓት ሠሪው ተሸነፈ። ሽማግሌው ተንበርክኮ እጁን ወደ ማጅራቱ ሰደደና የጭምብሉን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ።

ዶኛ ኦቲሊያ ተነሡ። በርጩማቸውን አዞሩ። ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው ተቀመጡ።

ሕዝቡ ሲተነፍስ ጭምብሉ እንደወለቀ ገባኝ፤ እኔ የማየው እሳቸውን ነበርና። ሽማግሌው ስሙን ለመናገር ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ። ያኔ ዶኛ ኦቲሊያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ጭነው፣ የአንገታቸው ሥር እስኪገታተር ጮኹ።

«ሌቦች! ማነው ይሄን የደለደለው? ማነው ይሄን ጉድ የደለደለው?»

አዳራሹ ሁሉ ስሙን ሰማ። እሳቸው ብቻ አልሰሙም።

ሰኞ ዶን ካሲሚሮ እያነከሱ መጡ። ሱቁ ውስጥ የነበርነው ሁሉ መተያየት ጀመርን። ዛሬ ማወቅ ተፈቅዷል፤ ዛሬ ያ ፊት ስም አለው። ዶን ካሲሚሮ ደጃፉ ላይ ቆመው መግባት አቃታቸው። ዶኛ ኦቲሊያ ቀና አሉ።

«ዶን ካሲሚሮ! እንደ ወትሮው የድንቹ?»

«እንደ ወትሮው፣ ዶኛ» አሉ ቀስ ብለው።

«ትናንት ትግሉን አዩት?»

ሽማግሌው ወደ ውስጥ ገቡ። «አላየሁም፤ ሥራ ይዞኝ።»

«ደግ አደረጉ። እንደ ሰዓት ሠሪው ያለ ታጋይ ዳግመኛ አይወለድም፤ ያንን ሰው ጭምብሉን አስወለቁት! ምጣዱ ሳለ እንቅቡ ተንጣጣ! እኔ ብደለድለው ኖሮ…»

«ምን ያደርጉ ነበር?» ያበጠው ከንፈራቸው ዳር ላይ ሳቅ እየተንፈራገጠ ነበር።

«ቁጭ ይበሉ፤ እነግርዎታለሁ።»

መታገሥ አልቻልኩም። «ዶኛ! እርስዎ አይደሉም እንዴ የወሰኑት? ራስዎ—»

ዶኛ ኦቲሊያ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ትሪውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። «አንቺ ልጅ፣ ግጥምሽን ጻፊ። ስለ ድልድል ምን ታውቂያለሽና!» አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ለሽማግሌው ትኩሱን ሊያመጡ ወደ ምድጃቸው ሄዱ።