አጥንት አዋቂው ንታቴ ኮቤሊ

“አላውቅም” የሚለውን ቃል ሳይማር ያረጀ ሰው በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። ችግሩ እንዲህ ያለው ሰው ፊሽካ አንገቱ ላይ ሲያንጠለጥል ነው።

የሌሶቶው መንደራችን ሊቀ ሊቃውንት፣ በአክብሮት “ንታቴ”፣ ማለትም “አባታችን”፣ የምንላቸው ክቡር የሩጫ አሰልጣኝ ኮቤሊ፣ ዝናብ የሚመጣበትን ቀንም ሆነ የላሟን ሕመም ያውቃሉ። ከሁሉ በላይ ግን አጥንት ያውቃሉ። “ወፍ የምትበረው አጥንቷ ቀላል ስለሆነ ነው” ይላሉ። ስለዚህ ልጃገረዶቻቸው ጠዋት ማታ ዳገት ይሮጣሉ፤ ገንፎውን ግን በማንኪያ ጫፍ ይቀምሳሉ።

ማኬነዌ፣ ማለትም የኬነዌ እናት፣ ይህን በሰማች ቁጥር ትበግናለች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇን ኬነዌን በአውራጃው የሚቀድማት ጠፍቷል፤ ቁመቷ ግን ከታናሿ እኩል ቀርቷል። ሰሞኑን ደግሞ ከሩጫ ስትመለስ ግድግዳ ትደገፋለች። “ምን ሆነሻል?” ሲሏት “ምንም” እያለች ቅልጥሟን በድብቅ ታሻለች።

የክሊኒኳ ነርስ አልሸፋፈነችም። “አጥንቷ ተሰንጥቋል። በማደግ ላይ ያለ አጥንት ምግብና ዕረፍት ይፈልጋል፤ እሷ ሁለቱንም አላገኘችም። አሁን ከሮጠች ይሰበራል፤ ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብላ መራመዷንም እንጃ።”

ቅዳሜ ማለዳ ፊሽካው በር ላይ ጮኸ።

“ኬነዌ! ለውድድር የሚወስደን መኪና ቆሟል!”

ማኬነዌ በሩ ላይ መንገድ ዘግታ ቆመች። እስከዛሬ ሰውየውን እምቢ ያላቸው ሰው በመንደሩ የለም።

“አትሄድም፣ ንታቴ። አጥንቷ ተሰንጥቋል።”

“ነርሷ ናት እንዲህ ያለችሽ? ነርስ ስለ ሩጫ ምን ታውቃለች? ጅማት ነው!”

ኬነዌ የሩጫ ጫማዋን አጥልቃ ከእናቷ ጀርባ ብቅ አለች። “እማ፣ እችላለሁ።”

“ሰማሽ?” አሉ ንታቴ ኮቤሊ፤ ጎንበስ ብለውም ቅልጥሟን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ልጅቷ ላለመጮኽ ከንፈሯን ነከሰች፤ ደሟ አገጯ ላይ ወረደ። ሰውየው እጃቸውን እሳት እንደነካው ሰበሰቡ። ፊታቸው አመድ መስሎ ሄዱ።

ማኬነዌ ሰውየው የመንደሩን አለቃ ይዘው ይመጡብኛል ብላ ስትብሰለሰል አረፈደች። መጡ፤ ግን ብቻቸውን ነበሩ። የሣር ባርኔጣቸውን ገልብጠው፣ እንቁላል ሞልተው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

ጎረቤቷ አሮጊት ከአጥር ማዶ ጮኹ። “ልጃገረድ እንቁላል ትበላለች? ነውር ነው፣ ንታቴ! አያቶቻችን የከለከሉትን!”

“አያቶቻችን ዳገት አላስሮጧትም! ያስሮጥኳት እኔ ነኝ፤ ሐሜቱም የእኔ ይሁን!”

ድምፃቸው ተሰበረ። ማኬነዌ በዚያች ቅጽበት ወደደቻቸው፤ ብትጠየቅ ግን ትክዳለች።

ክቡርነታቸው ወዲያው እሳቱ ዘንድ ደርሰው “ኧረ እንቁላል እንዲህ አይቀቀልም! ውኃው በዛ!” ማለት ጀመሩ። ማኬነዌ ጭልፋውን ሰጥታቸው ገለል አለች። እሳቸው እየላጡ፣ ኬነዌ በላች።

“ጨምሪ፣ ልጄ” ይሏታል። “ጨምሪ።”