የሦስት ነጥብ ዳኛ

ትናንት ከምሳ በኋላ የአንዲት ዳኛ የትዝታ መጽሐፍ ደረቴ ላይ እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝና ጉድ አየሁ። ከሕልሙ በፊት በእውን የሆነው ይህ ነው፤ የልጅ ልጄ ምንታምር ለዳኝነት ተፈትና፣ ለሴት የሚጨመረው ሦስት ነጥብ ታክሎላት አልፋለች። ጓደኞቿ ግን "ዳኛ ሲደመር ሦስት" እያሉ ስላሳፈሯት ልተወው ትላለች። መጽሐፉን የገዛሁት ጸሐፊዋም እንደ እሷ በድጋፍ የገባች ስለሆነች ነው። ልጅቷን የሚያጽናና ቃል ፍለጋ ስገልጥ ነው ያሸለበኝ።

በሕልሜ ፍርድ ቤት ነበርኩ። ዳኞቹ በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ተሰልፈው "አቤቱታዬን አሳምርልኝ፣ ጌታዬ" ይላሉ። እስረኞቹ ካባ ደርበው ችሎት ላይ ሽንብራ ይቆረጥማሉ። ፖሊሱ የገዛ እጁን በካቴና አስሮ ቁልፉን ለሌባው ሰጠ። መጽሐፌ ከደረቴ ተነሥቶ መሀል ወንበር ላይ ተቀመጠና ሽፋኑን እንደ አፍ ከፈተ።

"ያለ ድጋፍ የመጣ ይቅረብ!"

ወንድምጋሼ ኃይለልዑል ቀድሞ ወጣ። ጡረታ የወጣ ጠበቃ ነው፤ የድጋፍ ነጥብ ሲባል ደሙ ይፈላል።

"እኔ በገዛ ላቤ!" አለ።

"ኪስህን አራግፍ።"

አራገፈ። የአባታችን በቅሎ ወጣችና እጅ ነሣች። ሥራ ያስገባው አጎታችን ከነስልኩ ወጣ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ልጅ እንስራ አዝላ ወጣች። እኔ ነበርኩ! እሱ እንዲማር እኔን ከስድስተኛ ክፍል ሲያስቀሩኝ የለበስኳት ቀሚስ እንኳ አልተቀየረችም።

"አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አላት ልጅቷን።

"ስልሳ ዓመት እዚሁ ነበርኩ፣ ወንድምጋሼ። አልከበድኩህም?"

ከዚያ ከየትልልቁ ሰው ኪስ እህት፣ እናት፣ ሚስት ይወጣ ጀመር። ግቢው ሞላ፣ አደባባዩ ሞላ፣ እስከ ተራራው ድረስ ሴት ብቻ ሆነ። ነፋሱ በእንስራዎቹ አፍ ሲገባ አገሩ ሁሉ እንደ ደወል አስተጋባ። መጽሐፉ ሊፈርድ ቀና አለ...

"እቴቴ! ተነሺ እንጂ!"

ምንታምር ናት። ዓይኗ ቀልቷል፣ አፏ ግን ይስቃል።

"ተገላገልኩ። ቦታውን አልፈልግም የሚለውን ደብዳቤ ጋሼ ኃይለልዑል ራሳቸው አደረሱልኝ። 'ስምሽ ይጸዳል' አሉኝ።"

"በስመ አብ! ቦታሽንስ ማን ያዘው?"

"ተጠባባቂው ነዋ።"

"ማነው ተጠባባቂው፣ አንቺ ልጅ?"

"የጋሼ ልጅ።"