የአባታችን ሁለተኛ ዓይን

እናንተዬ፣ የእኛን አገር ሰው ፎቶ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? ጋይንትም ሂዱ እስቴም፣ ስልክ ሲነሳ ሲሳሳቅ የነበረው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ጋቢው ይስተካከላል፣ እጅ ከጎን ይለጠፋል፣ ፊት ቀጥ ብሎ ወደ ስልኩ ይዞራል። ሁለቱም ዓይን መታየት አለበት። "ኧረ ዘና በሉ!" ብትሉ ትርፉ ድካም ነው። ዘና የሚለው ወጣቱ ብቻ ነው፤ እሱም ጎኑን ሰጥቶ፣ ሰማይ ላይ ዕቃ እንደጠፋበት ሰው አንጋጦ።

እኔ ነገሩን ዓይን አፋርነት ይመስለኝ ነበር። እህቴ ትርንጎ ናት በእንባዋ ያስተማረችኝ።

ትርንጎ መካነ ኢየሱስ ከተማ የሥዕል አስተማሪ ናት። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከክፍሏ ሳትወጣ ልጅነታችንን አንድ ትልቅ ሸራ ላይ ሣለችው። እህቴ ስለሆነች አይደለም፣ ግሩም ሥዕል ነው። ከአርብ ገበያ ማዶ ያለው ማሳችን አለ፤ ዝናብ ያዘለው ሰማይ አለ፤ አባታችን ዕርፉን ጨብጠው ትልሙን እያዩ ያርሳሉ፤ ዳልቻ የምንለው በሬያችን አንገቱን መልሶ ወደ እኛ ያያል፤ እናታችን ምሳ አድርሳ ወደ ቤት ስትመለስ በጀርባዋ ትታያለች። አባታችን የትርንጎን ሥዕል መማር አንድ ቀን እንኳ ወደውት አያውቁም። እሷ ደግሞ አንዲት "ጎሽ" ከአፋቸው ለመስማት ነው ክረምቱን ሙሉ የተጋችው።

ለመስቀል ዘመድ ከመሰብሰቡ በፊት ሥዕሉን አውቶቡስ ላይ ጭነን ወደ አባታችን ቤት ወሰድነው። ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አባታችን ቀረብ ብለው አዩት፣ ራቅ ብለው አዩት፣ ፊታቸው ጠቆረ።

"ምን በደልሁሽ ልጄ?"

"ኧረ ምንም፣ አባዬ! ምነው?"

"ሌላው ዓይኔስ የት ሄደ?"

አባታችን በልጅነታቸው ጋይንት ቤተ ልሔም ገዳም የተማሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያዩ ያደጉ ሰው ናቸው። እዚያ ደንቡ የታወቀ ነው። ጻድቁ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ሰይጣንና ጭፍሮቹ ግን በጎን ይሣሉና አንድ ዓይን ብቻ ይደርሳቸዋል። ትርንጎ ደንቡ ጠፍቷት አይደለም። አባቷን ስትሥል አባቷን እንጂ ደንቡን አላሰበችም።

"ሲያርሱ እኮ ወደ ትልሙ ነው የሚያዩት" አለች። "እኔም ከዳር ቆሜ የማውቅዎ እንደዚያ ነው።"

"በሬው እንኳ ሁለት ዓይን አለው! ዳልቻ ጸድቆ እኔ ልኮነን?"

ሳቄን ዋጥ አደረግሁት። አባታችን ሥዕሉን በጋቢያቸው ሸፈኑት፣ ትርንጎም "ሁለተኛ ብሩሽ አልነካም" ብላ እያለቀሰች ተኛች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን በላችው።

ጠዋት ስነሳ ግን ቀለም ስትበጠብጥ አገኘኋት። የአባታችንን ፊት ወደ እኛ አዞረችው፤ ዓይኖቹ ሁለት፣ ትልልቅ፣ ልክ እንደ ቅዱሳኑ። መቼም እንዲህ ሰው ሰው እያየ የሚያርስ ገበሬ ትልሙ ጎረቤት ማሳ ነው የሚገባ። ግን ማን ደፍሮ ይናገራል? አባታችን ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ።

"ጎሽ፣ የእኔ ልጅ" አሉ። ትርንጎ እንደገና አለቀሰች።

በመስቀል ዕለት እንግዳ በገባ ቁጥር አባታችን እየተነሱ ሥዕሉን ያሳዩ ነበር፣ በተለይ ዓይኖቹን። ቤቱ ሁሉ አደነቀ። ሥዕሉን ወደድሽው ወይ ብሎ እናታችንን የጠየቀ ግን አልነበረም፤ እኔም ትዝ ያለኝ ምግብ ይዛ ስትገባ ሳያት ነው።

"አንችስ እማዬ፣ እንዴት አገኘሽው?"

እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትንሽ ቆማ አየችው።

"ቆንጆ ነው" አለች። "ለእሳቸው ሁለተኛው ዓይን ተገኘላቸው፣ እሰይ። ለእኔ ግን አንዱም ይበቃኝ ነበር።"

ይህን ብላ ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኛም ልክ እንደ ሥዕሉ ከጀርባዋ አየናት።