ጸጥ ያለው መኪናዬና የኩልፎ ዝንጀሮዎች

ሰሞኑን ባጃጅ ውስጥም፣ ጁስ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም ወሬው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። እገሌ ገዛ፣ እገሌ ጨንቻ ዳገት ላይ ባትሪ አለቀበት። እኔ ዝም ብዬ አዳምጥና መጨረሻ ላይ «እኔም አለኝ» እላለሁ። ሁሉም ዞር ብሎ ያየኛል። የመምህር ደሞዝ ማንም ያውቀዋላ! «ከነዳጅ ወደ ኤሌክትሪክ የቀየርኩትም ራሴ ነኝ» ስላቸው ደግሞ ወንበር ይለቁልኛል። ቁመቱ አንድ ክንድ መሆኑን የምነግራቸው ሻዬን ጠጥቼ ስነሳ ነው።

ለእናንተ ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በሪሞት የሚነዳ ትንሽ የጭነት መኪና ነው። መጫወቻ ነው ካላችሁኝ እንቀያየማለን። ጎረቤታችን ተከራይቶ ይኖር የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ «አንተ ሞተር ታስተምራለህ አይደል?» ብሎ ሰጠኝ። እውነቱን ነው፤ እዚሁ አርባ ምንጭ የኤሌክትሪክ ሞተር አስተምራለሁ። መኪናው ግን ያን ጊዜ የነዳጅ ነበር። ቤንዚንም አይደለም፤ ናይትሮ የሚባል፣ ከአልኮልና ከዘይት የተቀመመ የራሱ ነዳጅ ነበረው። ጩኸቱ! የእንጨት መጋዝና ባጃጅ ቢጣሉ ነው እንደዚያ የሚጮኹት። ጭሱማ አይነሳ።

አሁን ደግሞ ወደ ሙዝ ልውሰዳችሁ። የሚስቴ የአስቴር አባት፣ አባባ ማርቆስ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ አላቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር አያበዙም። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «መምህር» ነው የሚሉኝ። ስንጋባ ከማሳው ጫፍ አንዲት ቁራጭ ሰጡን። አስቴር ከልጅነቷ ጀምሮ የኮተኮተቻት ቁራጭ ናት። ታዲያ ዝንጀሮ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሙዛችንን ሲጨርሰው ጊዜ አባባ ጠሩንና፣ ዘንድሮ ሙዙ በሰላም ከተቆረጠ ማሳዋ የእናንተው ናት፣ ዝንጀሮ ከበላው ግን ለተስፋዬ እሰጣታለሁ፣ መሬት ጠባቂ ይፈልጋል አሉን። ተስፋዬ የአስቴር ታናሽ እህት ባል ነው። ማማ ሠርቶ ወንጭፉን ይዞ ቁጭ ካለ አንድ ዝንጀሮ አያሳልፍም። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ስወነጭፍ ድንጋዩ ወደ ኋላዬ ነው የሚሄደው። አስቴር ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

መፍትሔው ሳልፈልገው መጣ። አንድ ጠዋት፣ ለማሳየት ያህል፣ መኪናውን ማሳው ዳር አስነሳሁት። ዝንጀሮዎቹ ሙዝ ላይ ነበሩ። ጩኸቱን ሲሰሙ እግሬ አውጪኝ አሉ። ሳምንት ሙሉ አልተመለሱም። አባባ ማርቆስ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና «መምህር፣ ጌታ ይባርክህ» አሉኝ። ተስፋዬ ወንጭፉን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። አስቴር መኪናውን በራሷ ሻሽ ወለወለችው። እኔን እንደዚያ ወልውላኝ አታውቅም።

ችግሩ ነዳጁ ነበር። መሐንዲሱ የተወልኝ ሁለት ጠርሙስ አለቀ። እስቲ አርባ ምንጭ ውስጥ ናይትሮ ፈልጉ! አንዱ ባለሱቅ አዲስ የመጣ ለስላሳ መስሎት፣ ቀዝቃዛ ይሁን ወይ አለኝ። ቤንዚን ሞከርኩ፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሁለቴ አስነጠሰውና ዝም አለ። ሙዙ ደግሞ እየደረሰ ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ትምህርቴ የተነሳብኝ። ሞተር የማስተምር ሰው ነዳጅ ምን አስለመነኝ? አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ብራሽለስ ሞተር፣ መቆጣጠሪያና ሊቲየም ባትሪ ላከልኝ። ብራሽለስ ማለት ውስጡ የሚፋተግ ካርቦን የሌለው ሞተር ነው፤ ቶሎ አያረጅም፣ አይጮህም፣ አቅሙ ግን ጉድ ነው። ከዚያ ማራገፍ ጀመርኩ። የነዳጅ ሞተሩ ወጣ፣ ታንከሩ ወጣ፣ ጭስ ማውጫው ወጣ፣ ክላቹም ፍሬኑም ወጡ፤ መቆም ሲያስፈልግ ሞተሩን የሚይዘው መቆጣጠሪያው ነውና። አዲሱ ሞተር የሚታሰርበትን ብረት ብየዳ ቤት ወስጄ ከአሮጌ አልጋ አስቆረጥኩ። ታንከሩ የነበረበት ቦታ ባትሪው ተኛ። የቀሩት የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያሻግሩት ሁለቱ ባለጥርስ ማርሾች ናቸው፤ በጣም ከተቀራረቡ ይፋጫሉ፣ ከተራራቁ ይበላሉ። በመሃላቸው ከአንድ ተማሪ የፈተና ወረቀት ቀድጄ አስገባሁ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ፣ ወረቀቱን አወጣሁ፤ ልክ መጣ። የዚያ ልጅ ወረቀት ላይ ልክ የሆነ ነገር ስናገኝ የመጀመሪያችን ነው።

ተማሪዎቼን ዓመት ሙሉ የማሰለቻቸው አንድ ነገር አለ፤ ከሦስቱ የሞተር ሽቦ ሁለቱን ካቀያየራችሁ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል እላቸዋለሁ። እንግዲህ ቤት ውስጥ ስሞክረው ወደ ፊት ሂድ ስለው ወደ ኋላ ፈትለክ አለና የአስቴርን የቡላ ገንፎ ከነሳህኑ ገለበጠው። ማስተማር ሌላ፣ ጎንበስ ብሎ ማሰር ሌላ! ሁለቱን ሽቦ አቀያየርኩ። ገንፎው ግን አልተመለሰም።

ከዚያ ግቢ ውስጥ ለቀቅኩት። ጸጥ! ውልብ አለና ጥጉ ጋ ደረሰ። ዶሮዋ እንኳ ቀና አላለችም። ኩራቴን አትጠይቁኝ። ሊጠይቁን የመጡት አባባ ማርቆስ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ድምፁስ?» አሉ። ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። «አባባ፣ ድምፅ ማለት እኮ የባከነ ጉልበት ነው» ብዬ ግማሽ ሰዓት አስተማርኳቸው። ሙያ በልብ ነው አልኳቸው። የሚጮኸው ባዶ በርሜል ነው አልኳቸው። ዝምታ ወርቅ ነው አልኳቸው። እሳቸውም «እሺ መምህር» አሉ። በእሳቸው ቤት «እሺ» ማለት «እናያለን» ማለት መሆኑን በስድስት ዓመት ጋብቻ አልተማርኩም።

ሙዙ ሊቆረጥ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዝንጀሮዎቹ መጡ። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ማሳው ላይ አለ። ተስፋዬ ማማው ላይ ሆኖ ልወርውር ወይ ሲለኝ፣ ተው፣ አንተ ዝም ብለህ እይ አልኩት። መኪናዬን ለቀቅኩት። ተፈተለከ። ዝንጀሮዎቹም አዩት። አዩትና ሙዛቸውን ቀጠሉ። ሙዛቸውን ስል ሙዛችንን። አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ ቁጭ ብሎ ወዲህ ወዲያ ሲል በዓይኑ ይከታተለው ጀመር። ግልገሎቹማ እየተሯሯጡ ያሳድዱታል። ጭራሽ መጫወቻ አምጥቼላቸው አረፍኩት! ስደናገር ጉብታ አስመታሁትና ተገለበጠ፤ አራት ጎማው ወደ ሰማይ ይሽከረከራል። ትልቁ ዝንጀሮ ተነስቶ መጣ፣ የላዩን ክዳን ላጥ አድርጎ አወለቀና ይዞት ዛፍ ላይ ወጣ። ሌላው አንድ ዘለላ ሙዝ ገንጥሎ ይጎትታል። ዞር ብዬ አስቴርን አየኋት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ያኔ ሪሞቱን ወረወርኩት። መሬት የወደቀ ቆርቆሮ አነሳሁና በድንጋይ እየቀጠቀጥኩ፣ «ኧረ ውጣ! ኧረ ሂድ! አንተ ሌባ!» እያልኩ ገባሁባቸው። የኋላ ወንበር ላይ በሚተኙ ተማሪዎች ላይ ለዓመታት የሠለጠነ ጉሮሮ ነው። አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ያኛው ዘለላውን ጥሎ፣ ትልቁም ክዳኑን ጥሎ፣ ሁሉም እየተጋፋ ጫካ ገባ። አባባ ማርቆስ ቀስ ብለው መጡ፣ ጫማዬን ከጭቃው አውጥተው ሰጡኝና «መምህር» አሉ፤ «የባከነ ጉልበት ያልከው ይሄን ነው?»

ሙዙ በሰላም ተቆረጠ። ማሳዋም የእኛ ሆና ቀረች። እንዴት? ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት እየሄድኩ ጮህኩ። ቀን ቀን ተራው የአስቴር ነበር፤ እሷማ ከእኔ ትብሳለች። ስፒከር ግጠምበት የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ገጥሜ ነበር። ዝንጀሮ የሚታለለው ሁለት ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ስፒከሩ አጠገብ ተቀምጦ ሙዝ ሲልጥ አገኘሁት። መኪናውን ላስተካክለውና ልመልሰው ስል አባባ ማርቆስ «እሱን ቤት ተወው፤ አንተ ብቻ ና» አሉኝ። ያን ሰሞን ድምፄ ተዘግቶ በሹክሹክታ ነበር የማስተምረው።

መኪናው አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሟል። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ሞተሩ እንከን አይወጣለትም። አስቴር አቧራውን ስትጠርግለት እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አስባለሁ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቅም። ሙዝ እንዳልነበረው ግን እርግጠኛ ነኝ።