አረንጓዴዋ መብራት

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ፣ ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ቀትር ድረስ፣ ሸማ ተራ ጥግ ባለ አንድ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ኢንተርኔት አልነበረም። ኢንተርኔት መኖሩን የምትናገር አረንጓዴ መብራት ግን ያን ሁሉ ሰዓት ደረጃው አናት ላይ በርታ ነበር። ዜናው ይኸው ነው። አዘጋጄ ዘንድ ብወስደው «ኔትወርክ መጥፋቱ ደግሞ ምኑ ዜና ነው?» ብሎ ይመልሰኝ ነበር። እውነቱን ነው። ኔትወርክ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ለምደነዋል። እኔን ያናደደኝ መጥፋቱ አይደለም፤ ጠፍቶም አለሁ ማለቱ ነው።

ሰው እየጠየቅሁ፣ የተባለውን እያጣራሁ ስጽፍ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በዚህ ሥራ የተረዳሁት ነገር ቢኖር በእኛ አገር «የለም» ማለት እንዴት እንደሚከብድ ነው። መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ኃላፊው አሉ ወይ ብትሉ «አሉ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው» ትባላላችሁ። ቧንቧው ደርቆ ብትደውሉ «ውኃው አለ፣ ግፊቱ ነው ያነሰው» ትባላላችሁ። መርካቶ ግን ነገሩን ወደ ሙያ ከፍ አድርጎታል። መርካቶ ውስጥ ነጋዴ «የለም» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ሰማያዊ ጥለት ያለው ጋቢ ብላችሁ ጠይቁ። «አለ፣ ግቡ፣ ቁጭ በሉ!» ይላችኋል። እናንተ በርጩማው ላይ ስትቀመጡ እሱ በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ከጎረቤት ሱቅ ይዋስና፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ከራሱ መደርደሪያ ያወረደ መስሎ ያቀርብላችኋል። ነገ ደግሞ ጎረቤቱ ከእሱ ይዋሳል። ዕቃው በመጨረሻ ስለሚመጣ ውሸት አይባልም፤ ትንሽ ቀደም ብሎ የተነገረ እውነት ነው። ይህን ልማድ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እዚያ ሕንፃ የሄድኩት ለእህቴ የገዛሁት ነጠላ ጫፉ እስኪቋጭ ልጠብቅ ነው። ባለ ሱቋ እትዬ አስካለ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሸማ ሲሸጡ የኖሩ፣ ጨርቅ በጣታቸው ነክተው ሸማኔው ማን እንደሆነ የሚነግሩ፣ ሽበቴን እያዩ «አንተ ልጅ» የሚሉኝ ሴት ናቸው። ሱቃቸው ምድር ቤት ነው። ምድር ቤት ማለት የስልክ ኔትወርክ ኮንክሪቱን አልፎ የማይወርድበት ቦታ ነው። ያለ ስልክ ደግሞ ዛሬ መርካቶ ውስጥ ንግድ የለም፤ ከተሜው በስልክ ይከፍላል፣ የክፍለ ሀገሩ በስልክ ዕቃ ይመርጣል። ስለዚህ ሕንፃው ለተከራዮቹ የጋራ ዋይፋይ አስገባ። ዋይፋዩ አለ ወይስ ጠፋ እያሉ ተከራዮቹ አስተዳዳሪውን ቀን ተሌት ሲጨቀጭቁት ደግሞ አንድ ተቆጣጣሪ መሣሪያ አስገጠመ። መሣሪያው ኢንተርኔቱን ይከታተላል፣ ያገኘውን በአንዲት አምፖል ይናገራል። ካለ አረንጓዴ፣ ከሌለ ቀይ። አምፖሏ የተሰቀለችው ደረጃው አናት ላይ ስለሆነ ከዋናው በር የሚገባው ገዢም፣ ታች ያለው ነጋዴም እኩል ያያታል።

የዚያን ዕለት እትዬ አስካለ ልባቸው ተንጠልጥሏል። ሐዋሳ ያለ የመዘምራን ኅብረት ለበዓል የሚለብሰውን ነጠላ አዟቸው፣ ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎቻቸው ሲለፉ ከርመው ጨርሰዋል። ጥለቱ ወይን ጠጅ ከብርቱካን ጋር ነው፤ የኅብረቱ መለያ መሆኑ ነው። ቅር አይበላቸውና፣ ከእነሱ በቀር በጤናው ያንን ቀለም ፈልጎ የሚገዛ ሰው የለም። ኅብረቱ ደግሞ ከዚህ ቀደም በፎቶ አይቶ ያዘዘው ቀለም ሌላ ሆኖ ስለመጣበት ምሏል፤ ኮሚቴው ባንድ ላይ ተቀምጦ በቪዲዮ በዓይኑ ካላየ አይረከብም። የኮሚቴው አባላት ሠራተኞች ናቸው፤ ከየመሥሪያ ቤታቸው ፈቃድ ጠይቀው የተቀመጡት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። እስከዚያ ካላዩ ባለ ወርቃማ ጥለት ነጠላ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሌላ ነጋዴ እጃቸው ላይ አለ፣ ከእሱ ይወስዳሉ።

እትዬ አስካለ አንዱን ነጠላ ባንኮኒው ላይ ዘርግተው ደወሉ። ስልኩ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። ደገሙት። አሁንም ዞሮ ቆመ። ቀና ብለው መብራቷን አዩ፤ አረንጓዴ ናት። «ኔትወርኩስ አለ፣ ይቺ ስልክ ናት የከዳችኝ» አሉ። አጥፍተው አበሩት። ሽፋኑን አወለቁለት፣ ይተንፍስ ብለው። የእኔን ተቀብለው ሞከሩ፣ የእኔም ያው ነው። «የአንተማ ይታወቃል፤ የጋዜጠኛ ስልክ ለወሬ እንጂ ለቁም ነገር መች ይሆናል» ብለው መለሱልኝ። ፊት ለፊት ያለው ጋቢ ሻጭ ከድር «እትዬ፣ የእኔም እንቢ ብሏል፤ ግን...» አለና እሱም ቀና አለ። አረንጓዴ። «ሰሞኑን ወድቆብኝ ነበር» ብሎ በስልኩ አዘነ።

ዞር ብዬ ምድር ቤቱን ቃኘሁት። ሁሉም ስልኩን ይነካካል፣ ሁሉም ቀና ብሎ መብራቷን ያያል፣ ሁሉም የራሱን ስልክ ይሰድባል። ሐቁ በየእጃቸው ላይ ነው። ያ ሁሉ ስልክ ባንድ ጠዋት ተነጋግሮ አይበላሽም። ግን አምፖል ተሰቅሎ ሲናገር የሰው እጅ ምን ዋጋ አለው?

ወደ አስተዳዳሪው ወጣሁ። ታደለ ይባላል፤ በዕድሜ ከእኔ ያነሰ፣ ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ ሰው ነው። ኢንተርኔት የለም አልኩት። ከወንበሩ ሳይነሳ «ጋሼ፣ መብራቷን አይተዋታል?» ብሎ ጠየቀኝ። አይቻታለሁ አልኩ። ምን ዓይነት እንደሆነች ጠየቀኝ። አረንጓዴ አልኩ። «ታዲያ?» አለኝ። ታዲያማ ኢንተርኔት የለም ስለው፣ «ከሌለ እኮ ቀይ ትሆን ነበር ጋሼ» ብሎ ለሕፃን እንደሚያስረዳ በዝግታ አስረዳኝ። እስቲ በራስህ ስልክ ሞክረው አልኩት። ከዋይፋዩ ጋር አገናኝቶ ሞከረ። ስልኩ ዞረ፣ ዞረ፣ ቆመ። እዚህ ላይ ሰውየው ያምናል ብዬ ጠበቅሁ። ስልኩን አገላብጦ አየና «ቻርጅ አንሶት ነው» አለ።

ቶሎ የምቆጣ ሰው አይደለሁም። ሚኒስትር በፊቴ ሲዋሽ ማስታወሻ ይዣለሁ እንጂ ጮሄ አላውቅም። እዚያ ቢሮ ግን ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አልደግመውም፤ የላይኛው ፎቅ ጫማ ነጋዴዎች ገዢያቸውን ጥለው በሩ ላይ መሰብሰባቸውን ብቻ ልናገር። መሣሪያውን የገጠመው ማን ነው፣ ደውልለት አልኩት። ሕንፃው በሙሉ «ኢንጂነር» የሚለው ሳምሶን የሚባል ቴክኒሻን ነው። ታደለ በተራ ጥሪ ደወለና ድምፁን ከፍ አደረገልኝ።

ሳምሶንን የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። ይቺ መብራት ኢንተርኔት መኖሩን የምታውቀው ማንን ጠይቃ ነው? «ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ራውተር ነው ጋሼ፣ ለየሱቁ የሚያከፋፍለውን» አለኝ። ምን ብላ ትጠይቀዋለች? «አለህ ወይ ትለዋለች።» እሱስ? «አለሁ ይላታል።» ከሕንፃው ውጪ ያለውንስ ትጠይቃለች? «እሱን አትጠይቅም ጋሼ» አለ።

ይታያችሁ! የሐዋሳ መንገድ ክፍት ነው ወይ ብሎ የገዛ ግቢውን ዘበኛ የሚጠይቅ ሰው አያችሁ? ዘበኛው «ሰላም ነው ጌታዬ» ይላል፤ አልዋሸም፣ ግቢው ሰላም ነው። ጀማሪ ሪፖርተር እንዲህ ያለ ምንጭ ይዞ ቢመጣ ጽሑፉን በእጁ ይዞ እንዲመለስ እናደርገዋለን። መንገዱ መዘጋቱን የሚያውቀው በመንገዱ የመጣው ሰው ነው። ሕንፃው ግን ራሱን ጠየቀ፣ ለራሱ መለሰ፣ በመልሱ ረካ፣ እርካታውንም አረንጓዴ አድርጎ ሰቀለው። ይህ ጠባይ የሕንፃ ብቻ ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ብዙ ስብሰባ አልተቀመጣችሁም ማለት ነው።

እየሮጥኩ ወረድኩ። እትዬ አስካለ የሌላ ሰው ስልክ ተውሰው እየታገሉ ናቸው። የዋሸችው መብራቷ ናት፣ ኢንተርኔት የለም፣ ውጪ እንውጣ አልኳቸው። እኔን አዩ፣ መብራቷን አዩ። ከሁለታችን ማንን እንደሚያምኑ ሲያመነቱ ፊታቸው ላይ አነበብኩ፤ ያ ራሱ አንድ ስድብ ነው። ከዚያ ነጠላውን በጉያቸው ሸጉጠው ደረጃውን ወጡ።

ውጪ ዓርብ ነው። ከአንዋር መስጊድ የተረፈው ሰጋጅ መንገዱን ሞልቶታል፣ ምንጣፉ እስከ ሕንፃው ግድግዳ ተነጥፏል፣ ኢማሙ በድምፅ ማጉያ ይሰብካሉ፣ የሚናገር ሌላ ሰው የለም። የስልኩ ኔትወርክ ገና ከበሩ ስንወጣ ሞላ። እትዬ አስካለ ግድግዳው ሥር ተጠግተው ነጠላውን የሚዘረጉበት ሲያጡ አንድ ሽማግሌ ምንጣፋቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁላቸው። ስልኩ ተነሳ። «አየሽው የኔ ልጅ? ወይን ጠጅ ነው፣ ወይን ጠጅ!» ይላሉ በሹክሹክታ፣ በዚያ ሁሉ ሰጋጅ መሃል ለመዘምራን ቀለም እያሳዩ።

ሐዋሳ ያለችው የኅብረቱ ጸሐፊ ብቻዋን ነበረች። ኮሚቴው ተበትኗል። «ጠዋቱን ሙሉ ጠበቅንዎት እትዬ፤ ሲጠፉብን የሉም ብለን ከሌላው ጋር ተስማማን» አለቻቸው። እትዬ አስካለ ሹክሹክታቸውን ረሱት። «የሉም? እኔ? ጠዋቱን ሙሉ ነበርኩ እኮ!» ሽማግሌው ዞር ብለው አዩን። እትዬ አስካለ በእጃቸው ይቅርታ ጠይቀው ነጠላውን አጣጠፉ። «ለሸማኔዎቹ ምን ብዬ ልንገራቸው?» አሉኝ።

ንዴቴ የገባችሁ ይመስለኛል። ጠዋት «የለም» ቢባሉ ኖሮ ያኔውኑ ይወጡ ነበር። ደረጃው ያው ደረጃ ነው፣ መንገዱ ገና ሰጋጅ አልሞላበትም ነበር፣ ኮሚቴው ተቀምጦ ይጠብቃል። ያሳጣቸው የኢንተርኔቱ መጥፋት አይደለም፤ አለ መባሉ ነው። ተመልሼ ወጣሁና ታደለን መብራቷን እንዲያስተካክል በዚያው በተቆጣሁበት አንደበት አስማልኩት። በማግሥቱ ሳምሶን መጣ፣ መሣሪያው ራውተሩን ትቶ ከሕንፃው ውጪ፣ ሩቅ ያሉትን እንዲጠይቅ አደረገ። ከዚያ ወዲያ መልስ ካላገኘች ቀይ ትሆናለች። እኔም ለአገሬ አንድ ነገር የሠራሁ ያህል ኮርቼ፣ ለእህቴ ከዚያ ከወይን ጠጁም አንድ ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እህቴን ጎረቤቶቿ የትኛው ኳየር ገባሽ እያሉ እስከ ዛሬ ይጠይቋታል።

ትናንት በዚያ ሳልፍ ጎራ አልኩ። ሳምሶን ደረጃው አናት ላይ፣ መሰላል ላይ ቆሟል። ምን ሆነች አልኩት። «ወደ ድሮዋ እየመለስኳት ነው ጋሼ» አለኝ። ደሜ ፈላ። ታደለ አዝዞህ ነው አይደል ስለው ራሱን ነቀነቀ። «ተከራዮቹ ናቸው። ገዢው ከበሩ ላይ ቀይ ሲያይ በስልክ መክፈል አይቻልም ብሎ ፊት ለፊት ወዳለው ሕንፃ ይሻገራል። መጀመሪያ ስገጥማትም እኮ ውጪውን ነበር የምትጠይቀው። ያኔም ተሰብስበው መጥተው፣ ወይ አረንጓዴ አድርግልን ወይ ንቀልልን ብለው ነው ያስቀየሩኝ።» ማን መርቷቸው አልኩት። እጁ ስለተያዘ በአገጩ ወደ ምድር ቤት አመለከተኝ። ያኔም፣ አሁንም፣ እትዬ አስካለ።

ወርጄ ፊታቸው ቆምኩ። ያፍራሉ ብዬ ከጠበቅሁ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። «አንተ ልጅ፣ ያን ቀን ያጣሁት አንድ ትዕዛዝ ነው፤ ቀይ ስትሆን ግን ደረጃውን የሚወርድ ሰው ራሱ የለም» አሉኝ። እሺ፣ እያወቁ ያን ዕለት ለምን አመኗት አልኳቸው። ባንኮኒውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ለገዢ ትናገርልኝ ብዬ እንጂ፣ ለእኔም ትዋሻለች ብዬ መች አሰብኩ!»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት አንዲት ገዢ ስልኳን በእጇ ይዛ ከደረጃው ላይ ጮኸች። «እናቴ፣ በስልክ መክፈል ይቻላል? ኔትወርክ አለ?» ሳምሶን ገና አልጨረሰም፣ መብራቷ ቀይ ናት። እትዬ አስካለ ወደ መብራቷ ቀና ብለውም አላዩ።

«አለ፣ ግቢ፣ ቁጭ በይ!» አሏትና ስልኳን ከእጇ ተቀብለው፣ ኔትወርክ ሊያመጡላት በጓሮ በር ወጡ።